ስፔን እና ሞሮኮ፦ ጨዋታው ሳይጀመር ምኑን ማየት ነበረብን?

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ባጭሩ ያልከው እንዲህ ነው፦ "በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ስፔን ከሞሮኮ ሊጫወቱ ሲሉ ለጓደኞቼ ቅድመ ትንታኔ አዘጋጅቼ ነበር፣ የስፔንን የኳስ ቁጥጥር አይቼ፣ የተጫዋቾቹን ስም አይቼ፣ ኮስታሪካ ላይ ያገባችውን 7 ጎል አይቼ ስፔን በቀላሉ ታልፋለች አልኩ፣ ግን ሞሮኮ በመለያ ምት አለፈች። አጨዋወታቸው የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቅ ብሔራዊ ቡድኖች ሲገናኙ ከጨዋታው በፊት ምኑን ነው ማየት ያለብኝ? በመጨረሻስ ውጤት መገመት አለብኝ ወይ?"

የጨዋታ ትንታኔ ስራዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ በብዙ ሰው ውስጥ ያለ ነው፣ ደሞ በጣም የምወደው ርዕስ ነው።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገርህ። እንደዚህ አይነት ጨዋታ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን የማይወደውን ጨዋታ እንዲጫወት ይገደዳል የሚለውን ነው። ማን ጎበዝ ነው፣ ማን ውድ ተጫዋች አለው የሚለው በኋላ ይመጣል። አንተ ያየኸው ሁሉ ትክክለኛ መረጃ ነው፣ ግን ሁሉም ስፔን ስትመቻት ምን እንደምትሰራ የሚናገር ነው፣ ሳይመቻትስ የሚለውን አይነግርህም። እሱን የሚነግሩህ ጨዋታዎች ደሞ እዛው ውድድር ላይ ነበሩ።

ጃፓንን እንውሰድ። ጀርመንን 2ለ1፣ ስፔንን 2ለ1 አሸነፈች፣ በሁለቱም ጨዋታ ቀድሞ የገባባት እሷ ላይ ነው፣ በሁለቱም ኳሱ ከሷ ጋር አልነበረም፣ ስፔን ላይማ የኳስ ድርሻዋ 18% ገደማ ብቻ ነበር። በነዚህ ሁለት ጨዋታዎች መሀል ግን ከኮስታሪካ ጋር ተጫወተች፣ ያቺ ከቀናት በፊት በስፔን 7ለ0 የተረታችው ኮስታሪካ ማለት ነው፣ እና ጃፓን 1ለ0 ተሸነፈች! ለምን? ምክንያቱም እዛ ጨዋታ ላይ ኳሱን በብዛት የያዘችው ጃፓን ነበረች፣ ኮስታሪካ ወደ ኋላ ሰብሰብ ብላ "እንኪ አንቺ ተጫወቺ" አለቻት፣ ጃፓን ደሞ ተጋጣሚ ከፍቶ ሲመጣባት በሚፈጠረው ቦታ ላይ የምትሮጥ ቡድን ናት እንጂ የተዘጋ በር ስታንኳኳ የምትውል ቡድን አልነበረችም። ስለዚህ "እነ እገሌ እነ እገሌን 7 አግብተዋል፣ እነዛ ደሞ እነዚህን አሸንፈዋል" እያልክ ብትቀጥል የትም አያደርስህም፣ የአጨዋወት ግጥሚያው በየጨዋታው ይቀያየራል። እኔ እስከማውቀው ከዚህ የበለጠ ግልፅ ማሳያ በአንድ ምድብ ውስጥ ተፈጥሮ አያውቅም።

አሁን ወደ ስፔን እንመለስ። የኮስታሪካው 7ለ0 ለምን እንዳሳሳተ እንየው። ኦልሞ በ11ኛው ደቂቃ አገባ፣ አሴንሲዮ በ21ኛው፣ ፌራን ቶሬስ በ31ኛው በፔናሊቲ። ግማሽ ሰዓት ላይ 3ለ0 የሚመራ ቡድን ከዛ በኋላ የሚጫወተው ጨዋታ የሚከላከል ቡድንን ሰብሮ መግባት አይባልም፣ ጨዋታው አልቋል። ኮስታሪካ በዛን ቀን አንድም ሙከራ አላደረገችም፣ ዜሮ። መሀል ላይ ደሞ ጋቪና ፔድሪ ኳስ ተቀብለው ፊታቸውን ወደ ግብ የሚያዞሩበት ሰፊ ቦታ ነበራቸው። ይሄ ጨዋታ የተዘጋ ቡድን ላይ ስፔን ምን ታደርጋለች ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም፣ ምክንያቱም ኮስታሪካ በርግጥ ኋላ ነበረች እንጂ ዝግ አልነበረችም።

መልሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ2018 ሞስኮ ሉዥኒኪ ስታዲየም ስፔን ከሩሲያ ጋር ጥሎ ማለፍ ላይ ተገናኘች፣ ሩሲያ ኋላ ብዙ ሰው ደርድራ ጠበቀቻት፣ ስፔን ከ1000 በላይ ቅብብል አደረገች፣ ያገኘችው ብቸኛ ጎል ግን ኢግናሼቪች በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠረው ነበር፣ 1ለ1 አለቀ፣ በመለያ ምት 4ለ3 ወደቀች። አሰልጣኙ ከዛ በኋላ ተቀይሯል፣ ብዙ ተጫዋችም ተቀይሯል፣ ባህሉ ግን ያው ነው። እና በዛው ዓለም ዋንጫ ምድብ ላይ ስፔን ከሞሮኮ 2ለ2 ነው የተለያዩት፣ አስፓስ በባከነ ሰዓት ባያገባ ኖሮ ሞሮኮ ታሸንፍ ነበር፣ ከሞሮኮ ጎሎች አንዱን ያገባው ደሞ ያው ከአራት ዓመት በኋላም ፊት አጥቂ የነበረው ዩሱፍ ኤን-ኔስሪ ነው። ይሄ ሁሉ ከጨዋታው በፊት በእጃችን የነበረ መረጃ ነው።

እሺ፣ ሞሮኮ ደሞ ምን ነበራት? ዋሊድ ሬግራጊ ቡድኑን የያዘው ውድድሩ ሊጀመር ሶስት ወር ሲቀረው ነው፣ በዛው ዓመት ግንቦት ላይ የሞሮኮውን ክለብ ዋይዳድን ይዞ የግብፁን አል አህሊን 2ለ0 አሸንፎ የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግን ወስዷል፣ ማለትም ከሱ በላይ ኳስ የሚይዝ ትልቅ ቡድንን በአንድ ጨዋታ እንዴት እንደሚያስቆም የሚያውቅ ሰው ነው። በምድቡ ከክሮኤሺያ 0ለ0፣ ቤልጂየምን 2ለ0፣ ካናዳን 2ለ1። በሶስት ጨዋታ የገባባቸው አንድ ጎል ብቻ፣ እሱንም አጉየርድ በራሱ ላይ ነው ያገባው። ክሮኤሺያ ላይ የነ ሞድሪችን መሀል ሜዳ እንዴት እንደያዙት ብቻ ያየ ሰው ለስፔኑ ጨዋታ ግማሹን ትንታኔ ጨርሷል።

አሰላለፉ ወረቀት ላይ 4-3-3 ነው፣ ኳስ ሲያጡ ግን 4-1-4-1 ይሆናል፣ ከአራቱ ተከላካዮች ፊት አምራባት ብቻውን፣ ከሱ ፊት አማላህና ኡናሂ፣ በመስመር ዚየችና ቡፋል። ልብ ልትለው የሚገባው ዋናው ነገር ፊት አጥቂው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ኤን-ኔስሪ የስፔንን መሀል ተከላካዮች እየሮጠ አይጫንም፣ ቡስኬትስ አጠገብ ነው የሚቆመው፣ ሮድሪና ላፖርት ኳሱን እንደፈለጉ ይያዙት ነው የሚለው። ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ የስፔን ጨዋታ የሚፈጥነው ኳስ በቡስኬትስ በኩል ወደ ፔድሪ ስትሄድ ነው፣ ያ መንገድ ሲዘጋ ኳሷ ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞረች ትውላለች። የኳስ ቁጥጥር ቁጥሩ በዛን ጊዜ 75 ይሁን 80 ሰሌዳ ላይ ያምራል፣ አብዛኛው ቅብብል ግን ተጋጣሚን የማያሰጋ ቦታ ላይ ያለ ነው። ስለዚህ ቅድመ ትንታኔ ስትሰራ "ምን ያህል ኳስ ይይዛሉ" ከማለት "ኳሱን ማን ጋር፣ የት ቦታ ነው የሚተዉላቸው" ብለህ ጠይቅ። የሚከላከለው ቡድን አስቦበት የሚተወው ሰው ሁልጊዜ አለ፣ ያ ሰው ረጅምና ሰንጣቂ ኳስ ማቀበል ይችላል ወይስ አይችልም፣ ርቀት ላይ መምታት ይችላል ወይ፣ እሱን ካወቅክ ጨዋታውን በግማሽ አውቀኸዋል።

ሌላው፣ እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው፣ ኳስ የተነጠቀችበት ቅፅበት ነው። ሰው ስለ መከላከል ሲያወራ አውቶቡስ አቆሙ ይላል፣ ግን መከላከል ብቻውን ማንንም አያድንም፣ 90 ደቂቃ ሙሉ ኳስ እየጠለዝክ ብታስወጣ ኳሷ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ተመልሳ ትመጣብሃለች፣ በ70ኛው ደቂቃ እግር ይዝላል፣ አንዱ ይዘገያል፣ ጎል ይገባል። ስፔን ደሞ ኳስ እንዳጣች ወዲያው ከብቦ መንጠቅ ላይ ከዓለም ምርጦቹ አንዷ ናት፣ ኮስታሪካ ያልቻለችውም ይሄንኑ ነው፣ መውጫ አልነበራትም። ሞሮኮ ግን ነበራት! አምራባት ሁለት ሰው መጥቶበት ኳስ አይጥልም፣ ኡናሂ ኳሷን ይዞ ሀያ ሰላሳ ሜትር ይነዳል፣ ቡፋል መስመር ላይ አንድ ሰው ለብቻው ካገኘ አይለቀውም፣ ቅጣት ምት አስገኝቶ ቡድኑን ያስተነፍሳል። ሀኪሚ ደሞ ከጆርዲ አልባ ጀርባ ያለውን ቦታ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው፣ አልባ ደሞ ስፔን ስታጠቃ ወደ ፊት ካልወጣ ስፔን ግራ መስመሯ አይሰራም። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት በወረቀት ላይ ክብ የምታደርግባቸው ሁለት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ አልባ ከሀኪሚና ዚየች፣ በሌላው በኩል ሎሬንቴ ከቡፋል። ሎሬንቴ በተፈጥሮው የመስመር ተከላካይ አይደለም፣ ጨዋታው ላይም ቡፋል ምን እንዳሳየው ታስታውሳለህ።

ሁለት የሚከላከሉ ቡድኖችን ስታወዳድር እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ ስንት ሰው ኋላ አስቀመጡ ሳይሆን ኳሱን ሲነጥቁ የመጀመሪያውን ጫና የሚያልፍላቸው ሰው አላቸው ወይ። ካላቸው ትልቁን ቡድን ፍራለት። ከሌላቸው ግን የመጀመሪያው ጎል መቼ ይገባል የሚለውን ብቻ ነው የምትጠብቀው።

ደሞ መከላከል ማለት ሁልጊዜ ግብ ክልል አካባቢ መሰብሰብ እንዳይመስልህ። ሳውዲ አረቢያ አርጀንቲናን 2ለ1 ስታሸንፍ አሰልጣኟ ሄርቬ ሬናርድ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፣ ተከላካዮቹን ወደ መሀል ሜዳ አስጠግቶ አቆማቸው፣ አርጀንቲና በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 7 ጊዜ ኦፍሳይድ ውስጥ ገባች፣ ሶስት ጎል ተሻረባት። አደገኛ ነበር፣ ሁለት ሶስት ሴንቲሜትር ቢለወጥ 4ለ0 ይሆን ነበር፣ ግን ሜሲ ኳስ ተቀብሎ የሚዞርበትን መሀል ሜዳ አጠበበበት፣ ያንን ነው የፈለገው። ከእረፍት መልስ አል-ሸህሪ በ48ኛው አል-ዳውሳሪ በ53ኛው፣ 36 ጨዋታ ያልተሸነፈችው አርጀንቲና ወደቀች። ያው ጥያቄ ነው፣ አርጀንቲና የማትወደውን ጨዋታ እንድትጫወት ተገደደች።

ከኛ ቤት ደሞ ሁለት ልጥቀስልህ፣ ምክንያቱም ዋልያዎቹን ስናይ ስሜት ይዞን ይሄንን አይነት ጥያቄ መጠየቅ እንረሳለን። በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ጥር 2022 ላይ አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ከኋላ መስርቶ የሚጫወት ቡድን ይዞ ሄደ፣ እኔ ያንን ቡድን በጣም ነበር የምወደው፣ አሁንም እወደዋለሁ። ከካሜሩን ጋር ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አገባ፣ ሁላችንም ብድግ አልን፣ ግን ቶኮ ኤካምቢ በ8ኛው አቻ አደረገ፣ ከእረፍት መልስ አቡበከር በ53ኛውና በ55ኛው፣ ኤካምቢ እንደገና በ67ኛው፣ 4ለ1። ይሄ ጨዋታ ሊጀመር ሲል መነሳት የነበረበት ጥያቄ "ኳስ ይዘን መጫወት እንችላለን ወይ" የሚል አልነበረም፣ እንደምንችልማ ይታወቃል፣ ኳስ ስንነጠቅ ካሜሩንን በሚያህል ፈጣንና ጉልበተኛ አጥቂ ፊት ኋላ ስንት ሰው ይቀራል፣ ከመስመር የሚሻማውን ኳስ ማን ይደርስበታል የሚል ነበር መሆን የነበረበት።

ያው ቡድን ግን ከአምስት ወር በኋላ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2ለ0 አሸነፈ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ፣ ሁለቱም ጎል ከእረፍት በፊት። ግብፅ ያለ ሳላህ ነበረች፣ አሰልጣኟ ኢሀብ ጋላል ገና አዲስ ነው፣ ቡድኑ ምን አይነት ቡድን መሆን እንዳለበት አልወሰነም ነበር። ሳላህ የሌለበት የግብፅ መልሶ ማጥቃት የሚፈራ አይደለም፣ ስለዚህ የኛ ልጆች ከኋላ መስርተው ሲጫወቱ ኳስ ቢነጠቁ እንኳን እንደ ካሜሩኑ ወዲያው አልተቀጡም። አጨዋወታችን አልተቀየረም፣ የተቀየረው ስህተታችንን የሚቀጣው ሰው ሜዳ ላይ መኖር አለመኖሩ ነው። በነገራችን ላይ ጨዋታው የኛ ሜዳ ተብሎ ማላዊ የተደረገው አገር ቤት ያሉት ስታዲየሞች በካፍ ስላልተፈቀዱ ነው፣ እና ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል፣ ያንን ድል ህዝባችን ፊት ለፊት ማየት ነበረበት።

አሁን ደሞ የመጀመሪያው ጎል። በተመሳሳይ ቡድኖች መሀል የመጀመሪያው ጎል ጥቅም ነው፣ በተቃራኒ ቡድኖች መሀል ግን ጨዋታውን ራሱን ነው የሚቀይረው። ማስረጃው እዛው ሞሮኮ ናት። ስፔንን ጣለች፣ ፖርቹጋልን በኤን-ኔስሪ ጎል 1ለ0 ጣለች፣ ግማሽ ፍፃሜ ላይ ፈረንሳይ ጋ ስትደርስ ቴዎ ሄርናንዴዝ በ5ኛው ደቂቃ አገባባት። ከዛ በኋላ ሞሮኮ ከፈረንሳይ የበለጠ ኳስ ይዛ ነው የተጫወተችው፣ በጣም ቆንጆ ተጫወተች፣ ልባችንን ነካችው፣ ግን ያ የሷ ጨዋታ አልነበረም፣ ፈረንሳይ ደሞ ጠብቆ መምታት የምትወድ ቡድን ናት፣ ኮሎ ሙአኒ በ79ኛው ጨረሰው። አጉየርድ ሟሟቂያ ላይ ተጎድቶ መውጣቱ፣ ሳይስም 21ኛው ደቂቃ ላይ መቀየሩ የበለጠ ጎዳት እንጂ፣ ዋናው ነገር ያ የ5ኛ ደቂቃ ጎል ነበር። ስለዚህ ቅድመ ትንታኔህ ውስጥ ሁለት አጭር አንቀፅ ይኑር፣ ትልቁ ቡድን ቀድሞ ካገባ ጨዋታው ምን ይመስላል፣ ትንሹ ካገባ ወይም 60ኛው ደቂቃ ድረስ 0ለ0 ከሄደ ምን ይመስላል።

ስለ ተቀያሪዎች ብዙ አልልም፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ትልቁ ቡድን ወንበር ላይ የተለየ አይነት ተጫዋች አለው ወይ ብለህ እይ። ስፔን ያለ እውነተኛ 9 ቁጥር፣ ማለትም ያለ መሀል አጥቂ ነው የጀመረችው፣ ሞራታም ኒኮ ዊሊያምስም ከእረፍት በኋላ ነው የገቡት፣ ኒኮ ሲገባ ጨዋታው ትንሽ ሲነቃቃ ታይቷል ምክንያቱም አንድ ለአንድ ተከላካይ የሚያልፍ ሰው ነው።

መለያ ምት ግን መዘለል የለበትም፣ ያንተ ትንታኔ ላይ ጭራሽ አልነበረም። ጥሎ ማለፍ ሲሆን የሚከላከለው ቡድን 120 ደቂቃን እንደ ግብ ሊይዘው ይችላል፣ ስለዚህ በረኞቹን እይ። የሞሮኮው ቡኑ ያኔ ሴቪያ ነበር የሚጫወተው፣ በ2021/22 የላሊጋውን የዛሞራ ሽልማት (በአማካይ ትንሹ ጎል ለገባበት በረኛ የሚሰጠውን) የወሰደው እሱ ነው፣ የስፔን ተጫዋቾችን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ነበር። ስፔን በ2018 በሩሲያ፣ በዩሮ 2020 ግማሽ ፍፃሜ በጣሊያን በመለያ ምት ወጥታለች። የስፔኑ አሰልጣኝ ሉዊስ ኤንሪኬም ከጨዋታው በፊት ለተጫዋቾቹ አንድ ሺህ ፔናሊቲ የመለማመድ የቤት ስራ ሰጥቼ ነበር ብሏል፣ ማለትም እሱም ነገሩን ፈርቶታል። የሆነውን ታውቃለህ፣ ሳራቢያ ቋሚ መታ፣ የሶሌርንና የቡስኬትስን ቡኑ አዳነ፣ ስፔን አንድም አላገባችም፣ ማድሪድ ተወልዶ ያደገው ሀኪሚ በፓኔንካ፣ ማለትም ኳሷን ቀስ አድርጎ መሀል ላይ በማንሳት ዘጋው፣ 3ለ0።

ውጤት ልገምት ወይ ላልከው፣ ገምት፣ አንባቢ ይፈልገዋል፣ ግን በሁኔታ አስረህ ገምት። እኔ ከጨዋታው በፊት የነበረውን መረጃ ብቻ ይዤ ለዛ ጨዋታ የምፅፈው እንዲህ ነው፦

"ስፔን ከ70% በላይ ኳስ ትይዛለች፣ ሞሮኮም ይሄንን ትፈልገዋለች። ስፔን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ካገባች ሁለትና ሶስት ልታደርገው ትችላለች፣ ምክንያቱም ሞሮኮ መውጣት ይኖርባታል፣ ያኔ ፔድሪና ጋቪ ቦታ ያገኛሉ። እስከ እረፍት 0ለ0 ከሆነ ግን ጨዋታው ወደ ሞሮኮ ያዘነብላል፣ ቡስኬትስ በኤን-ኔስሪ ከተያዘ የስፔን ኳስ መሀል ተከላካዮቹ ጋ ይቀራል፣ ከሀኪሚና ከቡፋል በኩል የሚመጣው መልሶ ማጥቃት ደሞ አደገኛ ነው። 90 ደቂቃ ላይ አቻ የመለያየት እድላቸው ሰፊ ነው፣ መለያ ምት ላይ ከደረሰ ቡኑ ያለበትን ቡድን እመርጣለሁ።"

ቀጣይ የምትሰራው የትኛው ጨዋታ እንደሆነ ፃፍልኝ፣ የሁለቱንም ቡድን የመጨረሻ አራት አምስት ጨዋታ አይተህ ኳሱን ማን ጋ እንደሚተዉና ሲነጥቁ በማን በኩል እንደሚወጡ ብቻ በሁለት መስመር ላክልኝ፣ ከዛ ተነስተን አብረን እናየዋለን።